አማት ካልተሳፈሩ የማትሄድ መኪና

ቪዶዬ ሊፍት ጠጋኝ ነው። በቫሌቮ ከተማ ሊፍት መሀል ላይ ቀጥ ሲልና ውስጥ ያለው ሰው ሲጮኽ የሚጠራው እሱ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው የገዛ መኪናው አደባባይ ላይ ቀጥ ስትልበት ማንን ይጥራ? ማንንም አይጠራም። ኮፈኑን ከፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ ያጉረመርማል። ከኋላው የተሰለፉት ክላክሳቸውን ሲያንባርቁበትም ቀና ይልና «ሊፍት ብትሆን ኖሮ ‹በደረጃ ተጠቀሙ› የሚል ወረቀት እለጥፍባት ነበር» ይላል።

መኪናዋ ከልጁ ከኡግሌሻ በዕድሜ የምትበልጥ ቀይ ዛስታቫ ናት። እሷን ማማት ግፍ ነው፤ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ባለፈው ጸደይ ቪዶዬ ከተጋጨ መኪና ላይ የተፈታ የጋዝ ዕቃ ከነሲሊንደሩ አግኝቶ፣ ግቢው ውስጥ በጀርባው ተኝቶ ራሱ ገጠመላት። በእኛ ዘንድ ቤንዚን እያቃጠለ የሚነዳ ሰው ወይ ውጭ አገር ወንድም አለው፣ ወይ የሚነዳው የመንግሥት መኪና ነው። የቀረነው በጋዝ ነው የምንሄደው። ቤንዚኑ ሞተር ለማስነሳት ያህል ጠብ ይደረግና ወዲያው ወደ ጋዙ ይዞራል። የዛስታቫዋ የቤንዚን ፓምፕ ደግሞ አርጅቶ ከማስነሳት ያለፈ አቅም አልነበረውም።

ሚስቱ ሩመና «ጎይኮ ጋ ውሰዳት» ብላው ነበር። ጎይኮ ከተራራው ማዶ ባለች መንደር ጋራዥ አለው፤ እንጀራው መኪና ላይ ጋዝ መግጠም ነው። ከዚያም በላይ የኡግሌሻ እጮኛ የሚልያና አባት ነው።

«ከሠርግ በፊት ውለታው ውስጥ ልግባ?» አለ ቪዶዬ። «ልጅቷን ልንወስድ ስንሄድ ሰውየው የሚያየው ልጄን ሳይሆን የራሱን ቱቦ እንዲሆን ነው የምትፈልጊው?»

«አንተ ግን የጋዝ ነገር ምን ታውቃለህ?»

«ምን የማይታወቅ ነገር አለው? ውሃው በቱቦ፣ ጋዙ በቱቦ፣ ሽቦ ከሽቦ። ሰው ጨረቃ ላይ ወጥቷል እኮ ሩመና!»

ጎረቤቱ ቲዮሳቭ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «እጅህስ ወርቅ ነው!» አለው። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት መጽሐፉን አጠበች ይባላል፤ ቪዶዬ ያን ቀን አጥቦም አላበቃ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣው።

መኪናዋ አመል ያወጣችው ከዚያ ወዲህ ነው። ሁልጊዜ ብትጠፋ ደግ ነበር፤ ሁልጊዜ ያለ ብልሽት ተፈልጎ ይገኛል። እሷ ግን አንድ ቀን ምንም ሳትል ስትሄድ ትውልና በማግስቱ ጥቂት እንደተጓዘች፣ ፍጥነት ሲቀነስ ታስላለች፣ ደግማ ታስላለች፣ ጸጥ ትላለች። ቪዶዬ አንድ ሲጋራ አጭሶ ሲጨርስ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሳለች። ሐኪም ፊት ሲደርስ የሚተው የጥርስ ሕመም ማለት ይኸው ነው።

ቪዶዬ ካንዴላ ለወጠ። የጋዙን ማጣሪያ ለወጠ። ካርቡራቶሩን ፈትቶ አጠበ። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ፈትቶ መልሶ አሰረ። ኮፈኑ በተከፈተ ቁጥር የሰፈሩ ወንዶች ቢራቸውን ይዘው ይከቡታል። የእኛ ሰፈር ወንድ ቀብር ሲያይ ባርኔጣውን አንስቶ ያልፋል እንጂ ክፍት ኮፈን አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። አንዱ ባትሪው ነው ይላል፣ አንዱ ጋዙ ተበርዟል ይላል፤ የቲዮሳቭ መልስ ግን ምንጊዜም አንድ ነው።

«ካንዴላ ነው።»

«ትናንት ቀየርኩት እኮ!»

«እንግዲያው ተበላሽቶ የመጣው የቀየርከው ነው።»

አንድ ቀን ኮፈኑን እንደከፈተ ጋዙ የሚያልፍበት ክብ ብረት በውሃ ጠብታ ረጥቦ አየ። ጣቱን አስነካው፤ ይቀዘቅዛል። «ላቧ ነው» አለ ቲዮሳቭ፤ «በዚህ ሐሩር ማን የማያልበው አለ?» ቪዶዬም እውነትህን ነው ብሎ በጨርቅ ጠረገላት። አዎ፣ ጠረገላት። ኋላ ይህን ባስታወሰ ቁጥር በዚያው ጨርቅ ራሱን ማነቅ ያምረው ነበር።

ሠርጉ ደግሞ ደረሰ፤ እሁድ ነው። የሙሽራው ወገን ባንዲራ ይዞ፣ ጥሩምባ እያስነፋ፣ በመኪና ተሰልፎ ሙሽሪትን ከአባቷ ደጅ ያመጣል። ፊት የሚመራው ባንዲራ ያዡን የጫነው መኪና ነው፤ እሱን መቅደም ነውር ነው። አጀቡ መንገድ ላይ ከቆመ ትዳሩም መንገድ ላይ ይቀራል ይባላል። በሄደበት መንገድ ከተመለሰ ሙሽሪትም ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች ይባላል። ቪዶዬ ሲያገባ ፊት የመራው የገዛ አባቱ ነበር። ኡግሌሻ በዳዴ ሲሄድ ጀምሮ እሱም ለልጁ ሊመራ ለራሱ ቃል ገብቷል።

«አባዬ» አለው ኡግሌሻ ማክሰኞ ዕለት፣ ዓይኑን ከጫማው ላይ ሳያነሳ፤ «ከፊት የሚዜዬ መኪና ቢሆንስ? አንተ ከኋላ ዘና ብለህ...»

«ዘና ብዬ?»

«ብትቆምስ ብዬ ነው።»

«አትቆምም።»

«ትናንት እኮ ዳቦ ቤቱ በር ላይ...»

«ትናንት ትናንት ነው!»

«እንግዲያው የሚልያና አባት ለአፍታ ይያት። ምንም አይልህም እኮ፣ ደስ ነው የሚለው።»

«ካፈርኩ አይመልሰኝ» አለ ቪዶዬ። ከቆመችም ገፍቼ አደርሳታለሁ ብሎ ጨመረበት፤ ለሳቅ ነበር፣ ልጁ ግን አልሳቀም። ኡግሌሻ ወጣ። ልጁ አልተቆጣውም፣ አላሾፈበትም፤ አፍሮበታል። ከስድብ ሁሉ የከበደው ይህ ነበር።

ረቡዕ ዕለት አማቱን እማማ ኮሳራን ሐኪም ቤት ወሰዳቸው። እማማ ኮሳራ የሩመና እናት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት ከእነሱ ጋር ነው። በዚህ ዓለም የሚፈሩት እግዚአብሔርንና በመስኮት የሚገባ ንፋስን ነው፤ ከሁለቱ ለንፋሱ ይጠነቀቃሉ። መኪና ውስጥ ገና ሳይደላደሉ «መስኮት!» ይላሉ፤ መስኮቱ ሁሉ ይዘጋል። ከዚያ እጃቸውን ወደ ዳሽቦርዱ ሰደው የማሞቂያውን መክፈቻ እስከ ቀዩ ጫፍ ይጎትቱታል። ሐሩር ሆነ ውርጭ ለእሳቸው አንድ ነው፤ የታመመ ጉልበት የቀን መቁጠሪያ አያነብም።

ሄደው ተመለሱ፤ መኪናዋ አንዴ እንኳ አላሳለችም። ቪዶዬ አማቱን አውርዶ፣ ማሞቂያውን ዘግቶ፣ መስኮቱን ሁሉ ከፍቶ፣ ተመስገን ብሎ ሲጋራ ሊገዛ ወጣ፤ አደባባዩ ላይ ቀጥ። ሐሙስ ዕለት የባላቸው መቃብር አደረሳቸው፤ መንገዱ ዳገት ብቻ ነው፣ መኪናዋ እየዘለለች ወጣችው። ከቤት አውርዷቸው ወደ ሥራው ሲሄድ ግን ቀጥ።

እዚያው መሪውን እንደያዘ አሰበ። የሊፍት ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ክብደትን ነው። እማማ ኮሳራ ደግሞ ክብደት አላቸው። መቀመጫው ሥር የሚያልፍ ሽቦ አለ፤ ሲቀመጡበት ተጭኖ ይገናኛል፣ ሲነሱ ይለቃል! «እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው የሰጠኸኝ ጌታዬ!» ብሎ መሪውን ሳመ። ቤቱ ገብቶ ትልቁን የድንች ጆንያ ተሸክሞ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠና ቀበቶ አሰረለት።

«ማን ናቸው?» አለ ቲዮሳቭ በአጥሩ ላይ።

«ድንች ነው። ሙከራ ላይ ነኝ።»

«ይናገራሉ?»

«ድንች ምን ይናገራል?»

«እንግዲያው በእማማ ኮሳራ ለውጣቸው።»

ቪዶዬ መስኮቱን ከፍቶ፣ ክርኑን አውጥቶ፣ እያፏጨ ነዳ። ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርስ መኪናዋ ከነድንቹ ቀጥ አለች። ጆንያው ከቀበቶው ስር ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ወጪ ወራጁ ሁሉ በመስኮት እያየው አለፈ። በማግስቱ ሩመናን ይዞ ሞከረ፤ እሷም ሙቀት ስለማትችል መስኮቱን እስከ ታች አወረደችው፤ ያው ቀጥ። ከዚያ በኋላ በቪዶዬ ላይ የደረሰው ለሰው የማይነገር ነው፤ አመነ። ሩመና የቡና ስኒ ገልብጣ ዕድል ስታነብ የሚስቅባት ሰው፣ በኤሌክትሪክ የሚተዳደር ሰው፣ መኪናዬ አማቴ ካልተሳፈሩ አትሄድም ብሎ አመነ።

ቅዳሜ ጠዋት እማማ ኮሳራ ማድ ቤት ተቀምጠው ለሠርገኞቹ ኮት የሚሰካውን የጥብስ ቅጠል እየቋጠሩ ነበር። በወጉ አሮጊቶች ቤት ቀርተው ሙሽሪትን በር ላይ ይቀበላሉ እንጂ ከአጀቡ ጋር አይሄዱም።

«እማማ» አለ ቪዶዬ፤ «ነገ ከእኔ ጋር ፊት ወንበር ላይ ቢሄዱስ?»

«የት?»

«ሙሽሪትን ልናመጣ። ከባንዲራው ጋር። ለክብር።»

እማማ ኮሳራ ቅጠሉን አስቀመጡ። «ምን አጥፍተህ ነው?»

«ኧረ ምንም!»

«አሞሃል?»

«እማማ ደግሞ!»

«ስንት ዘመን አማትህ ነኝ። አንድ ቀን ነይ እንዝናና ብለኸኝ አታውቅም። የምታደርሰኝ ሐኪም ቤትና መቃብር ነው፤ ሁለቱንም በደስታ።»

ቪዶዬ ፊቱ ቀላ። «የሚያገባው የልጅ ልጅዎ ነው» አለ፤ «እርስዎ ያልመሩት ማን ይምራው?» ውሸቱ ከአፉ ሲወጣ ለራሱም ጣፈጠው። አሮጊቷ የመሐረባቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

«መስኮት ይዘጋል» አሉ።

«ይዘጋል።»

«ባንዲራውስ?»

«በጠባቧ ክፍተት እናወጣዋለን።»

እሁድ ያለው ሐሩር ወፍ ያወርድ ነበር። ዛስታቫዋ ታጥባ፣ መስታወቶቿ ላይ የሠርግ ፎጣ ታስሮላት፣ ከሁሉ ፊት ቆመች። ከኋላ ባንዲራ ያዡ ቬልኮ ተቀመጠ፤ የቪዶዬ የእህት ልጅ ነው፣ አንድ ሰው ቢሆንም የሁለት ሰው ቦታ ይይዛል። ከጎኑ ጥሩምባ ነፊው ተጣቦ ገባ። እማማ ኮሳራ ጥቁር ሐር ለብሰው፣ የወርቅ ጌጣቸውን ደረታቸው ላይ ሰክተው ፊት ተቀመጡና «መስኮት!» አሉ። ማሞቂያው እስከ ቀዩ ጫፍ ተጎተተ። ከኋላቸው የመኪናው ሰልፍ ክላክሱን ለቀቀውና አጀቡ ተነሳ።

መኪናዋ ምን ሆና ልትቆም! ቪዶዬ በመስታወቱ ኡግሌሻ ያለበትን መኪና እያየ «አየህ? አየህ?» ይላል በልቡ። እማማ ኮሳራ መንገድ ዳር ለቆመው ሁሉ፣ ለማያውቁትም፣ ለውሻውም ጭምር እጃቸውን ያውለበልባሉ። ከኋላ ወንበር ግን ሰው እየበሰለ ነበር። የጥሩምባ ነፊው ላብ በጥሩምባው በኩል ይንጠባጠባል።

«አጎቴ» አለ ቬልኮ በሞተ ድምፅ፤ «ሰው እኮ ነን።»

«ቻለው! ባንዲራ ያዥ አይደለህም?»

«ባንዲራው ውጭ ነው ያለው! ለእሱ ምን አለበት?»

ተራራውን ሊጨርሱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ እማማ ኮሳራ ወደ መንገዱ ዳር ዞረው እጃቸውን ሲያውለበልቡ፣ ቬልኮ በሁለቱ ወንበሮች መሀል ረጅም ክንዱን ሰደደ። መክፈቻውን ቀስ አድርጎ ወደ ሰማያዊው ገፋው። ቪዶዬ መንገዱን እያየ ነበር። ጥቂት ኩርባዎች አለፉ። ከዚያ ዛስታቫዋ አሳለች፣ ደግማ አሳለች፣ የሙሽሪት መንደር ቁልጭ ብሎ በሚታይበት ኩርባ ላይ ጸጥ አለች።

ከኋላ ያለው አጀብ ሁሉ ቆመ። የደስታው ክላክስ መጀመሪያ ቀጠለ፣ ከዚያ እየተቆራረጠ ሞተ። ቪዶዬ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ክብ ብረቱ በዚያ ሐሩር በውርጭ ተሸፍኖ ነጭ ሆኗል። ላብ አልነበረም። ፈሳሹ ጋዝ ወደ ትነት ሲለወጥ ብረቱን ያበርደዋል፤ ስለዚህ ያ ብረት ሁልጊዜ በሞተሩ ሙቅ ውሃ መሞቅ አለበት። ይህን ቪዶዬም ያውቃል፤ ሙቅ ውሃ የሚያመጣ ቱቦ ገጥሞለታል። ቱቦውን በጣቱ ተከትሎ ወደ ኋላ ሄደ። ጣቱ ያደረሰው የተሳፋሪው ማሞቂያ ውሃ መክፈቻ ጋ ነበር። ቱቦው ከዚያ በኋላ ነው የሚቀጥለው። ማሞቂያው ሲዘጋ የብረቱም ሙቅ ውሃ አብሮ ይዘጋል፣ ብረቱ ይበርዳል፣ ሞተሩ ይጠፋል። መኪናዋን ሲነዳት የከረመው የአማቱ ጉልበት ነው። ያን ቱቦ እዚያ ያሰረው ደግሞ የገዛ ወርቅ እጁ ነው።

«ማሞቂያውን ማን ነካው?» አለ በሹክሹክታ።

«እኔ ነኝ» አለ ቬልኮ፤ «ልሞት ነበር።»

ኡግሌሻ የሙሽራ ልብሱን እንደለበሰ በአቧራው ላይ መጣ። «አባዬ፣ ምንድን ነው?»

«አቧራ ነው» አለ ቪዶዬ። ውሸታም!

«ሚዜዬ ይለፍ?» የልጁ ፊት ሊያለቅስ ያለ ሰው ፊት ነበር።

«ተነፈስን እንጂ አልቆምንም። ግባ ልጄ፣ ግባ።»

ሁለት መዳፉን ውርጩ ላይ ለጥፎ ጨመቀው፤ እጁ እስኪደነዝዝ ያዘው። ከዚያ በቀረችው ጠብታ ቤንዚን ሞተሩን አስነሳ፣ መክፈቻውን እስከ ቀዩ ጫፍ ጎተተ፣ ቆይቶ ወደ ጋዙ አዞራት። ተነሳች። ጥሩምባ ነፊው ነፋ። የቬልኮን እጅ ቪዶዬ ባንዲራው ላይ አስይዞ «ከዚህ ካነሳኸው እቆርጠዋለሁ» አለው።

ጎይኮ ደጅ ላይ ሕዝቡን አስከትሎ ቆሟል። ዛስታቫዋ በሩ ላይ ስትደርስ ክብር ሊሰጥ የእማማ ኮሳራን በር ራሱ ከፈተ። ከውስጥ የወጣው ሙቀት ፊቱን ገረፈው። ጎይኮ ቀና ሳይል መክፈቻውን አየ፤ ቀይ። ላብ ያጠመቃቸውን ወንዶች አየ። ከዚያ ኮፈኑን አየ፣ ቪዶዬንም አየ። የጋዝ ሰው ነው፣ ማንም ሊነግረው አላስፈለገም። ቪዶዬ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«እዩልኝ!» አለ ጎይኮ ጮክ ብሎ። «አማቱን ብርድ እንዳይነካቸው ብሎ በዚህ ሐሩር ራሱን የጠበሰ ሰው! ልጄን የምሰጠው እንዲህ ላለ ቤት ነው!»

ደጁ በጭብጨባ ተናወጠ። እማማ ኮሳራ ክንዱን ይዘው ሲወርዱ የንግሥት አወራረድ ወረዱ። ቪዶዬ ግን ቢሰደብ ይሻለው ነበር። የሙሽራና የሙሽሪት አባቶች በእኛ ወግ «ወዳጄ» ነው የሚባባሉት፤ ይህን ቃል ቪዶዬ ከጸደይ ጀምሮ አፉ ውስጥ ቆልፎበት ነበር። ሲተቃቀፉ ጎይኮ ጆሮው ውስጥ «ከመክፈቻው በኋላ ነው ያሰርከው?» አለው።

«ከመክፈቻው በኋላ።»

«ሰኞ አምጣት።»

«አመጣታለሁ ወዳጄ» አለ ቪዶዬ፤ ዕንባው መጣበት።

የተመለሱት በወንዙ ዳር ባለው በሌላውና በረጅሙ መንገድ ነው። ጥሩምባ ነፊው ሌላ መኪና ውስጥ ተደበቀ። ቬልኮ ራኪያ የተባለውን አረቄ ጠጥቶ ባንዲራውን እንዳቀፈ ከኋላ ያንኮራፋል። ሙሽሮቹ ከኋላቸው ባለው በሚዜው መኪና ይከተላሉ። ቀሪው መንገድ ገና ብዙ ነው።

«ቪዶዬ፣ ልጄ» አሉ እማማ ኮሳራ። ልጄ ብለውት አያውቁም። «ዝጋው ይህን ነገር። ዛሬስ ጉልበቴም ሞቀው። አንተ ለእኔ ብለህ ቀለጥክ እኮ፤ እያየሁህ አንጀቴን በላኸው።»

ቪዶዬ ሊዋሽ አፉን ከፈተ። ቀኑን ሙሉ የዋሸው ግን ጉሮሮው ላይ ደርሶበት ነበር።

«መዝጋት አልችልም፣ እማማ።»

«ለምን?»

«ከዘጋሁት ትቆማለች። ቱቦውን ያለቦታው ነው የገጠምኩት። የምትሄደው ማሞቂያው ሲከፈት ብቻ ነው። እኔ ደሞ ይህን አላወቅኩም... እርስዎ ካልተሳፈሩ አትሄድም ብዬ ነው።»

እማማ ኮሳራ ወንዙን አዩ። መንገዱ ዳር የነበሩ ልጆች እጃቸውን አውለበለቡላቸው፤ እሳቸው አልመለሱም።

«ለክብር አልነበረም» አሉ።

«አልነበረም።»

«እርስዎ ያልመሩት ማን ይምራው ያልከኝስ?»

«ስለው ውሸት ነበር» አለ ቪዶዬ። ከዚያ ሌላ ነገር ሊጨምር ፈለገ፤ በሩን ጎይኮ ሲከፍትላቸው ፊታቸውን ካየ ወዲህ ውሸት አለመሆኑን ሊነግራቸው ፈለገ። ድምፁ ግን እንቢ አለው። መሪውን ብቻ አጥብቆ ያዘ።

ከኋላ የሙሽሮቹ ክላክስ ይጮኻል። ከአሮጊቷ ሻሽ ሥር ላብ በአንገታቸው ላይ ይወርዳል። እጃቸውን ወደ መክፈቻው ሰደዱ። ቢዘጉት እውነት አላቸው፤ ቪዶዬ አንዲት ቃል አይተነፍስም ነበር። እማማ ኮሳራ መክፈቻው ቀዩ ጫፍ ላይ መድረሱን ነካ አድርገው አረጋገጡ፣ ከዚያ የትከሻ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡት።

«ንዳ» አሉ። «በርዶኛል።»